በቫይትቬት በረዶ ላይ የወደቀች ጠብታ

በአምስት ቁጥር ቲ-ባኔ ከመሀል ከተማ ወደ ቬስትሊ ስትሄዱ ከሊንደሩድ ቀጥላ የምታገኟት ጣቢያ ቫይትቬት ናት። የተከፈተችው በ1966 ነው፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስንቱን ቤተሰብ ከነሻንጣው አውርዳለች፣ እኛንም ጨምሮ። አቅራቢያዋ ያለው ቫይትቬት ሴንተር ደግሞ በ1958 ሲከፈት በኖርዌይ ከመጀመሪያዎቹ ትልልቅ የገበያ ማዕከላት አንዱ ነበር። በዙሪያው በ1950ዎቹ የተሠሩ ተያያዥ ቤቶችና ዝቅ ያሉ ፎቆች አሉ። ወደ ላይ ስታዩ የትሮንድሄም መንገድና የሊሎማርካ ጫካ ነው። ወደ ታች ስታዩ መሬቱ እየወረደ፣ እየወረደ ግሩሩድ ሸለቆ ግርጌ ይደርሳል፤ እዚያ ባቡሩ፣ መጋዘኖቹ፣ ጋራዦቹና የአልና ወንዝ አሉ።

ይህን ቁልቁለት ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ባለፈው የብርድ ወራት፣ ፌብሩዋሪ ላይ፣ የመኪናችንን ታይሚንግ ቤልት አስቀየርን። ልጆች፣ ይሄ ነገር ጥርስ ያለው የጎማ ቀበቶ ነው። ከሞተሩ ሥር ያለው ክራንክ ሻፍት ሁለት ጊዜ በዞረ ቁጥር፣ ከላይ ያለው ካም ሻፍት ልክ አንድ ጊዜ እንዲዞር የሚያደርገው እሱ ነው። ቢበጠስ በብዙ ሞተሮች ላይ ቫልቭና ፒስተን ይጋጩና ሞተሩ ይበላሻል። ስለዚህ ሳይበጠስ፣ አምራቹ ባዘዘው ኪሎ ሜትር ወይም ዓመት ይቀየራል። አባታችሁ «ቺንጊያ» ሲል ሰምታችሁ ይሆናል፤ ቀበቶ ማለቱ ነው። እንደ ካቻቢቴና ፍሪሲዮን ሁሉ ከጣሊያንኛ ወደ እኛ ጋራዦች የገባ ቃል ነው። እዚህ አገር ታይሚንግ ቤልቱን «ሬጊስተርራይም» ይሉታል።

የቀየረልን በሸለቆው ግርጌ ካለ ጋራዥ የሚሠራ አንድ የአገራችን ሰው ነው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። ሥራውን የጀመረው አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ፣ መፍቻ በማቀበል ነው።

ከአሥር ቀን በኋላ ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤት ላደርስ መኪናዋን ወደ ኋላ ሳወጣ፣ «አባዬ፣ መኪናችን የሆነ ነገር ጣለች!» አለችኝ። ወርጄ አየሁ። ነጩ በረዶ ላይ የሃያ ክሮነር ሳንቲም የምታክል ጥቁር ጠብታ። ከቀበቶው በኩል፣ ልክ ጋሼ ከሠራበት ጎን ሥር።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታስቡ ነበር? እኔም እሱኑ አሰብኩ። እንዲያውም ማሰብ ብቻ አይደለም፣ አወራሁት። ሱቅ ውስጥ ለሁለት ሰው፣ ቡና ላይ ደግሞ ለአራት። «እጁ ከብዷል መሰለኝ፣ ኦይል ሲሉን ቆርጦብኛል» አልኩ። ባለቤቴ ግን «ሰውዬውን ጠይቀኸዋል?» አለችኝ። አልጠየቅሁትም ነበር።

ጠብታዋን ወደ ላይ መከተል

ደወልኩለት። ቁጣ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ረጋ ብሎ፣ «ጥፋቱ የእኔ ከሆነ ያለ ክፍያ እሠራዋለሁ። መጀመሪያ ግን እንየው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለኝ። ቅዳሜ ልጄን ይዤ ሄድኩ። ያሳየንን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ ለእናንተም መኪና ይሆናል።

መጀመሪያ የፈሰሰው ምን እንደሆነ ይለያል። ከመኪናው ሥር ካርቶን አንጥፋችሁ አሳድሩ። ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ በጣት መሀል የሚያሟልጭ የሞተር ዘይት ነው። ቀይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከአውቶማቲክ ማርሽ ነው። አረንጓዴ ወይም ሮዝ ሆኖ ጣፋጭ ሽታ ካለው የራዲያተር ፈሳሽ ነው፤ ይሄኛው መርዝ ስለሆነ ልጆችና ድመቶች አይንኩት። ንጹሕ ውሃ ከሆነ ደግሞ ከኤር ኮንዲሽነሩ ሊሆን ይችላል፣ አትጨነቁ።

ቀጥሎ ማጽዳት ነው። ዘይት በተለቀለቀ ሞተር ላይ ምንጭ መፈለግ በጭቃ ውስጥ ዱካ እንደመፈለግ ነው አለን። ቅባት በሚያስለቅቅ ፈሳሽ አጥቦ አደረቀውና ሞተሩን ለሃያ ደቂቃ ያህል አስነስቶ አሞቀው።

ከዚያ አጥፍቶ፣ ባትሪውን ይዞ ከታች ሳይሆን ከላይ ጀመረ። «ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ ስትነዳም ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። የሚንጠባጠብበት ቦታ ሌላ፣ የሚወጣበት ሌላ ነው» አለ። የቀበቶውን መሸፈኛ ሲከፍት እኔ ትንፋሼን ያዝኩ። ከኋላው ያሉት ሁለቱ ኦይል ሲሎች፣ የክራንኩም የካሙም፣ ደረቅ ናቸው። ቀበቶውም ደረቅ። እዚያ ዘይት ቢኖር ኖሮ ነገሩ አስቸኳይ ነበር፤ ዘይት የቀበቶውን ጎማ ስለሚያበላሸው አዲሱም ቢሆን ዕድሜው ያጥራል።

«ታዲያ ከየት ነው?» አለች ልጄ። ጋሼ የሕፃን ፓውደር አውጥቶ የቴስታታው ክዳን ጠርዝ ላይ በተን አደረገ። ሞተሩ ትንሽ ከሠራ በኋላ ነጩ ዱቄት ላይ ጥቁር መስመር ታየ። ዘይቱ ከክዳኑ ጓርኒሲዮን አንድ ጥግ ይወጣል፣ በሞተሩ ጎን ይወርዳል፣ የቀበቶውን መሸፈኛ በውጭ በኩል ይዞ ሥሩ ላይ ይንጠባጠባል።

ጋሼ ያንን ክዳን አልነካውም ነበር።

ጓንቲው ሲነፋ

ግን ጓርኒሲዮኑ ለምን አሁን ለቀቀ? እዚህ ላይ ነው ልጄ እስካሁን የምታወራው ነገር የመጣው። ጋሼ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፈተ። ከውስጥ በኩል ማዮኔዝ የመሰለ ነገር ተለጥፎበታል። ስስ የጎማ ጓንቲ አምጥቶ በመሙያው አፍ ላይ አጠለቀና ሞተሩን አስነሳ። ጓንቲው ቀስ እያለ ተነፋ፤ አምስቱም ጣቶች ቀጥ ብለው ቆሙ፣ ሰላም የሚል እጅ መሰለ። ልጄ በሳቅ ሞተች። ጋሼ ግን ራሱን ነቀነቀ። በጤነኛ የቤንዚን ሞተር ጓንቲው በትንሹ ወደ ውስጥ ነው የሚሳበው። የእኛዋ ሞተር ትንፋሿ ታፍኗል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፒስተኖቹ ጎን እያመለጠ ወደ ታች የሚገባ ጋዝ አለ። መውጫው አንድ ቱቦ ነው፤ እዚህ አገር «ቫይቭሁስቬንቲላሹን» ይሉታል። ጋዙ ውስጥ እርጥበት አለ። ረጅም መንገድ ስትነዱ ሞተሩ በደንብ ይሞቅና እርጥበቱ ተንኖ ይወጣል። እኛ ግን ያን ሰሞን፣ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ በደረሰበት፣ መኪናዋን ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ሴንተር፣ ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ በማይሞላ መንገድ ነበር የምናመላልሳት። ሞተሩ ሳይሞቅ ይጠፋል። እርጥበቱ ከዘይቱ ጋር ተደባልቆ ቱቦውን ደፈነው፣ ሌሊት ደግሞ በረዶ ሆነ። መውጫ ያጣ ጋዝ የደከመውን ቦታ ፈልጎ ዘይቱን ገፋው። የእኛ ደካማ ቦታ ያረጀው ጓርኒሲዮን ነበር።

ጠብታዋ የመጣችው ከቀበቶው ሥራ በኋላ ነው፤ ያመጣት ግን ብርዱና የእኔ አነዳድ ነው። በኋላ ስለመጣ ብቻ በእሱ ሳቢያ ነው ብዬ ፈርጄ ነበር።

በእርግጥ ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። ቀበቶ ሲቀየር ኦይል ሲል በካቻቢቴ ይጫራል፣ ያረጀ ሲል ሳይቀየር ይታለፋል። እንዲህ ከሆነ ዝም አትበሉ። በኖርዌይ ሕግ የተበላሸ ሥራ ላይ ቅሬታ፣ እዚህ «ረክላማሹን» የሚሉትን፣ የማቅረብ መብት አላችሁ። ጉድለቱን እንዳያችሁ ሳትቆዩ በጽሑፍ ለጋራዡ አሳውቁ፤ የመኪና ጥገና ሲሆን የመጨረሻው ገደብ በአብዛኛው 2 ዓመት ነው። ደረሰኝና ፎቶ ያዙ፣ የማስተካከል ዕድል ስጡ። ካልተስማማችሁ ፎርብሩከርቲልሲኔ የሚባለው መሥሪያ ቤት ያሸማግላል። ዘይት የሚያፈስ መኪና በኢዩ-ኮንትሮል ላይም ሊያስጠይቃችሁ ይችላል።

አንድ አደራ ደግሞ። በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ልጆች፣ ሞተር ሲሠራ እጃችሁ ወደ ቀበቶው አይጠጋ።

ጠብታዋ ወደ ታች ስትሄድ

አሁን ወደዚያ ቁልቁለት እንመለስ። ልጄ ስንመለስ፣ «በረዶው ሲቀልጥ ዘይቱ የት ይሄዳል?» አለችኝ። መልሱ ወደ ታች ነው። ከመኪና ማቆሚያው ወደ መንገድ ጠርዝ፣ ከዚያ ወደ ውሃ መውረጃው። ብዙ የመንገድ መውረጃዎች ውሃውን ወደ ጅረት ነው የሚልኩት፤ ከዚህ ቁልቁለት ግርጌ ደግሞ አልና አለ። አልና ከሊሎማርካ፣ ከአልንሾን ሐይቅ ተነስቶ ሸለቆውን አቋርጦ ኦስሎ ፊዮርድ ይገባል። በጋ ላይ ልጆቻችን እግራቸውን የሚነክሩበት ውሃ ነው።

ስለዚህ የፈሰሰ ዘይት በውሃ አይታጠብም። የድመት አሸዋ በተን አድርጋችሁ እስኪመጥጠው ጠብቁ፣ ጠርጋችሁ በፌስታል ቋጥሩና እንደ ሃራልድሩድ ወዳለ የኮሙኔው የቆሻሻ መቀበያ ጣቢያ ውሰዱት፤ ከቤት ቆሻሻ ጋር አይጣልም። እኛም በረዶው ሳይቀልጥ እንዲሁ አደረግን።

ጋሼ ቱቦውን አጸዳ፣ ጓርኒሲዮኑንና ዘይቱን ቀየረ። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት በእግር ነው የምንሄደው፤ መኪናዋን እሁድ እሁድ ራቅ አድርገን እንነዳታለን።

የሚቀረው የእኔ ዕዳ ነበር። ጋሼን ይቅርታ ስጠይቀው ሳቀና፣ «እኔን ምን ትለኛለህ? ለነገርካቸው ንገር» አለኝ። ስድስት ሰው ነበሩ። ሱቅ ለሁለቱ ነገርኩ፣ ቡና ላይ ለሦስቱ። ስድስተኛው በርገን ሄዷል አሉኝ። ስልኩን አፈላልጌ ደወልኩለት፤ ወሬዬን እዚያም አውርቶት ኖሯል።

ልጄ አሁንም ጠዋት ጠዋት ከመኪናዋ ሥር ጎንበስ ብላ ታያለች። «ደረቅ ነው፣ አባዬ» ትለኛለች።