ገመዱን ያሰርነው እኛ ነን

ባለፈው ሚያዝያ በወናጎ መንገድ ላይ ያደረግነውን ነገር ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሙት ከእኛው ብትሰሙት ይሻላል ብለን ይህችን ጽሑፍ አቅርበናል። ወሬው በመኝታ ቤቶች ውስጥ መዞር ጀምሯል፤ በሚዞርበትም መልኩ እኛ መኪና እንዳቃጠልን ተደርጎ ነው። መኪና አላቃጠልንም።

አምስት ነበርን፤ አምስታችንም የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ነን። የጌዴኦ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ እንግዳው ከባሕር ማዶ እየመጣ ሲያየው፥ እኛ ግን ዲላ ተቀምጠን ሳናየው ልንመረቅ ነው ብለን ተቆጨን። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ የጨልባ ቱቱቲን ትክል ድንጋዮች ለማየት ተነሣን። መኪናው የአንደኛው ጓደኛችን አጎት ነው። ጋሼ (ስማቸውን እንዳንጽፍ ስለ ለመኑን ጋሼ ብቻ እንላቸዋለን) በእቁብና በብድር የገዙት ነው፤ ከዲላ አዋሳ ሰው በኮንትራት እያመላለሱ ቤታቸውን የሚያስተዳድሩት በእርሱ ነው። እኛን የወሰዱን በነዳጁ ዋጋ ብቻ ነበር።

ስለ መኪናው ዓይነት ትንሽ መናገር ያስፈልጋል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሄድ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን ከገለጸ ወዲህ በየከተማው የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ መሄዱን ሁላችንም እናያለን። የጋሼ መኪና ግን ፕላግ ኢን ሃይብሪድ የሚሏት ናት። እንደ ስልክ ሶኬት ላይ ተሰክታ ትሞላለች፤ ደግሞም እንደ ማንኛዋም መኪና ቤንዚን ትጠጣለች። በከተማ ውስጥ በባትሪ፥ ረዥም መንገድ ሲመጣ በቤንዚን ትሄዳለች። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ቤንዚንና ኤሌክትሪክን አጣምሮ በአንድ ሠረገላ ላይ ማኖርን ፈርዲናንድ ፖርሽ በ1900 እ.ኤ.አ. ግድም ሞክሮታል። ከግድግዳ ሶኬት የምትሞላው ዓይነት በብዛት ተሠርታ ለገበያ የወጣችው ግን በ2008 እ.ኤ.አ. ቻይና ውስጥ ነው። መብራት በሚጠፋበት፥ ቤንዚንም በሚሰለፉለት አገር አንዱ ሲከዳ ሌላው ያደርሳል ብለው ጋሼ እርሷን መምረጣቸው የብልህ ሰው ምርጫ ይመስለናል።

ድንጋዮቹን አየን፤ ስለ እነርሱ ሌላ ጊዜ እንጽፋለን። ስንመለስ ወናጎ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ጋሼ መኪናውን ከመንገዱ ዳር አቆሙና «ልጆች፤ እዚህ ታች ለቅሶ አለብኝ፤ ደርሼ እመጣለሁ» ብለው ቁልፉን ለእኅታቸው ልጅ ትተው በእንሰቱ መካከል ገቡ። ዝናብ ያዘን። እኛም በሩን ዘግተን፥ ሬዲዮኑን ከፍተን፥ ስልኮቻችንን ሰክተን፥ ስለ ሥልጣኔ እንከራከር ጀመር። ሰዓት ሞላ፤ ሰዓት ተኩልም ሆነ። በዚህ መካከል በክሩስኮቱ ላይ ቀይ ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ብቅ አለ። ጽሑፉ ቻይንኛ ነው። ከመካከላችን የእንግሊዝኛ ተማሪ አለ፤ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ አለ፤ ግእዝ እችላለሁ የሚልም አለ። ቻይንኛ ግን የለም። «የሬዲዮኑ ነው» አልንና ተውነው።

ከዚያ ሁሉም ጠፋ። ሬዲዮኑ ጠፋ፤ ክሩስኮቱ ጨለመ፤ ቁልፉን ብንጫን መልስ የለም። ወርደን ልንገፋ ሞከርን፤ ንቅንቅ አላለችም። አባቶቻችን መኪና ሲቆም ገፍተው እንደሚያስነሡ እያየን ስላደግን ኃይላችን ያነሰ መሰለን እንጂ ነገሩ ሌላ ይሆናል ብለን አላሰብንም።

በዚያን ጊዜ ቡና የጫነ አይሱዙ ከይርጋጨፌ በኩል መጣ። ማንም እጁን ሳያወጣለት ቆመ። ይህን እንድታስተውሉልን እንፈልጋለን፤ ሾፌሩ የሚቸኩል ሰው ነበር፤ ረዳቱ ግን ሳይታዘዝ ዘሎ ወርዶ ቅጠል ቆርጦ ከመኪናችን ኋላ መንገዱ ላይ አነጠፈልን፤ ለጎማውም ድንጋይ ታኮ አደረገ። ሾፌሩ ገመድ አወጣ። እኛም ጋሼ ከለቅሶ ሲመለሱ መኪናቸውን ወናጎ ጋራዥ በር ላይ ቆሞ ቢያገኙት ደስ ይላቸዋል ብለን ገመዱን በገዛ እጃችን አሰርን። ሾፌሩ ከመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «ፎሌ ላይ ናት?» ብሎ ጠየቀን።

«አዎ» አልን።

አናውቅም ነበር። በዚያች መኪና ላይ ማርሹ የሚገባውም የሚወጣውም በኤሌክትሪክ ቁልፍ ነው፤ መብራቱ ከጠፋ ፎሌ ማድረግ አይቻልም፤ የፊት ጎማዎቿ በውስጥ እንደ ተቆለፉ ነበሩ። አናውቅም ማለት ግን አምስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በአንድ ሾፌርና በአንድ ረዳት ፊት የሚለው ቃል ሆኖ አልታየንም። አይሱዙው ሳበ። መኪናዋ አልተንከባለለችም፤ ተጎተተች። የፊት ጎማዎቿ አስፋልቱን እየፋቁ እንደ ሰው ጮኹ። ዐሥራ አምስት እርምጃ ያህል ሄደች። ጋሼ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ በጭቃው ውስጥ እየሮጡ መጡ፤ «ልጆቼን! ልጆቼን!» ነበር የሚሉት። እኛን የጠሩን መስሎን ነበር፤ በኋላ ነው የገባን።

ገመዱ ተፈታ። ጋሼ አልተቈጡንም፤ ቢቈጡን ኖሮ ይሻለን ነበር። ኮፈኑን ከፍተው ዝም ብለው ያዩ ጀመር። እኛም ጥፋታችንን ቶሎ በሌላ ዕውቀት ለመሸፈን «ከአይሱዙው ባትሪ ኬብል እንስጣት» አልን፤ አንዱ ጓደኛችንም ኬብሉን ይዞ ሄደ። እዚህ ላይ ነው ያ ረዳት በእጁ ያገደን። «ወንድሜ፤ የኛ 24 ነው። የናንተ 12 ነው። ይህን ብትሰጣት ያለው ኮምፒዩተር ሁሉ ይነዳል» አለ። ስንት ክፍል እንደ ተማረ አልጠየቅነውም፤ ደፍረንም ልንጠይቀው አንችልም ነበር።

ይኸው ልጅ ወደ ወናጎ የሚወርድ ባጃጅ አስቆመ። ባለ ባጃጁ ትልቋን መኪና አየና ወደ ኋላ አለ። «ይቺ የኔ እንጀራ ናት፤ ትጠጣብኝ ይሆን?» ብሎ ጠየቀ። ረዳቱም አስረዳው። በእንዲህ ዓይነት መኪና ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞተር አታዞርም፤ ኮምፒዩተሩን ቀስቅሳ የትልቁን ባትሪ በር መክፈት ብቻ ነው ሥራዋ፤ ከዚያ በኋላ ትልቁ ባትሪ ትንሿን መልሶ ይሞላታል። ስለዚህ ጥቂት ጉልበት ይበቃታል። ትልቁ ባትሪ ከግማሽ በላይ ሙሉ ነበር፤ ቤንዚንም ነበረ። ሁለቱ ነፍሶቿ በደኅና ሳሉ፥ እኛ በሬዲዮንና በስልክ የጨረስነው ሦስተኛውን፥ ማንም የማይቈጥረውን ነው።

ኬብሉ ተያያዘ፤ ረዳቱ የእንሰት ቅጠል ከባትሪው በላይ ይዞ ዝናቡን ከለከለ። ጋሼ ቁልፉን ተጫኑ። ሁላችንም ጆሮአችንን አቀናን፤ ድምፅ የለም። «አልተነሣችም» አለ ባለ ባጃጁ በሐዘን። ጋሼ ግን በክሩስኮቱ ላይ የበራችውን አረንጓዴ መብራት እያሳዩ ሣቁ። ተነሥታ ነበር። እኛ የምንጠብቀው የሞተር ድምፅ ነበርና መነሣቷን አላወቅንም።

ባለ ባጃጁ 200 ብር ተቀበለ፤ የሥራ ሰዓቱን ወስደንበታልና የሚገባው ነው። ሾፌሩና ረዳቱ ምንም አልተቀበሉም።

በማግሥቱ ጋሼ ለአንድ የአዋሳ ኤሌክትሪሻን ስልክ ሲደውሉ አጠገባቸው ተቀምጠን ሰማን። ጎማዎቹ ተቆልፈው መሬት መፋቃቸው ክፉ ነው፤ ባይቈለፉና ቢንከባለሉ ኖሮ ግን የባሰ ሊሆን ይችል ነበር አለ። ሞተሩ ከጎማው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ጎማ ሲዞር እንደ ዲናሞ ይሆናል፤ መኪናዋ ተኝታ ሳለ ኃይል ያመነጫል፤ የሚያመነጨውም መሄጃ ሲያጣ ውስጡን ያቃጥላል። ማርሹም ዘይት የሚረጭለት ፓምፕ ስለማይሠራ ይደርቃል። ስለዚህ የሚዞሩት ጎማዎች መሬት ሊነኩ አይገባም፤ በፊትም በኋላም ሞተር ያላት ከሆነች እንዳለች ሎቤድ ላይ መጫን አለባት። ብርቱካንማ ቀለም ያለውን ሽቦ ደግሞ ማንም በእጁ እንዳይነካው አጥብቆ ተናገረ። ሎቤድ ከአዋሳ ድረስ ማስመጣት ስንት እንደሚያወጣ ጋሼ ጠየቁ፤ መልሱን ሲሰሙ ስልኩን ከጆሮአቸው አራቁት። እንግዲህ ከአዋሳ ዲላ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዲላ ወዲያ ወደ ሞያሌ የሚሄደውን መንገድ አስቡት።

በዚህ መንገድ ላይ ደግ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። ገመድ ያለው ይቆማል፤ ገመድ የሌለው ይገፋል። እኛ የሠጋነው ለዚህ ደግነት ነው። እንዲህ ያሉ መኪናዎች በበዙ ቁጥር፥ የቆመውን ሁሉ አስሮ መሳብ የለመደ እጅ በቅንነት የሰውን እንጀራ ሊሰብር ይችላል፤ የእኛ እጅ ሊሰብር ዐሥራ አምስት እርምጃ ሄዶ ነበር። ሎቤድ በዲላ እስኪኖር ድረስ፥ ቢያንስ በመናኸሪያውና በነዳጅ ማደያዎች ግድግዳ ላይ ያ ረዳት የሚያውቃት ያህል በአማርኛና በጌዴኦኛ ተጽፋ ብትለጠፍ ምን ያህል በጠቀመች። ጽሑፉን ለማዘጋጀት አምስታችን ተስማምተናል፤ ረዳቱን ግን እስካሁን ፈልገን አላገኘነውም። የአይሱዙውን ታርጋ እንኳ አላየንም።

ያን ቀይ የቻይንኛ ጽሑፍ ጓደኛችን በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶት ኖሮ በኋላ በስልኩ መተርጐሚያ አስተረጐምነው። ትንሿ ባትሪ እየደከመች ነውና መኪናውን አስነሡ የሚል ነበር።

የፊት ጎማዎቹ በአንድ በኩል ተፍቀው ጠፍጣፋ ሆነዋል። ጋሼ እኛን ዲላ ሲያደርሱን በየዙሩ ጧ ጧ ይሉ ነበር፤ ያን ሁሉ መንገድ ማንም አልተናገረም። ሁለት ጎማ መግዣ ከየኪሳችን ለማዋጣት ተስማምተን አንዱን ገዝተናል። የሁለተኛው ገንዘብ ጥቂት ይጐድላል፤ «የሬዲዮኑ ነው» ያለው ጓደኛችን ድርሻውን እስከ ዛሬ አላመጣም።