ሦስታችንም በአንድ ኮረብታ ላይ

ስለ ደመና ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ገበሬውን ነው። እኛ ግን ደመና በተባለ ቁጥር ትዝ የሚለን ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት ነው። በዚያ ቀን ያጠፋነውን ጥፋት ሳንሸፋፍን ብንናገር ለሌላ ግርዶሽ ለሚዘጋጅ ተማሪ ሁሉ ይጠቅማል ብለን ይህችን ጽሑፍ ለመጽሔታችን አቅርበናል።

ያን ጊዜ ሦስታችንም የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ነበርን፤ ዛሬ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደዚሁ ግቢ ተመልሰናል። በዚያ ዓመት በመጋቢት ወር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ተቋርጦ ወደየቤታችን ተሰናብተን ነበር። የሦስታችንም አገር ላስታ ነው። እንደ ዕድል ሆኖ የግርዶሹ መሥመር ከመካከለኛው አፍሪካ ተነሥቶ፣ በወለጋ ገብቶ፣ ላሊበላን አልፎ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ የመንና ወደ ሕንድ የሚሄድ ሆነ። አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቻችን ፀሐይን እንደ ተገመሰ ዳቦ ሲያዩ፣ እኛ በደጃችን ቀለበት ሆና ልናያት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨረቃ ከምድር ራቅ ባለች ጊዜ በፀሐይ ፊት ብታልፍም ሙሉ በሙሉ ልትሸፍናት አትችልም። ዙሪያዋን ቀጭን የብርሃን ክር ይቀራል። ያ ክር ነው ቀለበት የሚባለው። በእኛ አገር የሚቆየውም አንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር።

ለዚያች አንድ ደቂቃ ሁለት ወር ተዘጋጀን። ካሜራውን ከዘመድ ተዋስን። የፀሐይ ማጣሪያውን ለመግዛት ግን ገንዘብ ስላልነበረን የክፍል ጓደኞቻችን እያንዳንዳቸው 20 ብር በስልክ ላኩልን፤ እኛም በፈንታው ጥሩ ፎቶግራፍ እንልክላችኋለን ብለን ቃል ገባን። ችግሩ የተጀመረው ከዚህ ላይ ነው።

በዋዜማው ማታ አንደኛችን፣ «ሰኔ ነው፤ ደመና ቢመጣስ? አንዱ ከኮረብታው፣ አንዱ ከከተማው፣ አንዱ ወደ ቆላው ወርዶ ቢጠብቅ አይሻልም?» ብሎ ነበር። አልሰማነውም፤ እርሱም ብዙ አልተከራከረም። እውነቱን ለመናገር፣ ካሜራው ካለበት ቦታ መለየት የፈለገ አልነበረም። ሥዕሉን እያንዳንዳችን በገዛ እጃችን ማንሣት ፈልገን ነበር።

ሌሊት ተነሥተን የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ በእግር ተጉዘን ኮረብታው ላይ ወጣን። ሲነጋ ሰማዩ የጠራ ነበር። ጨረቃ ፀሐይን መንካት ስትጀምር የመጀመሪያዎቹን ሥዕሎች በማጣሪያው አነሣን፤ ፀሐይም በስተላይ እንደ ተነከሰች ቂጣ ሆና ታየች። ከዚያ በኋላ ከቆላው የተነሣው ጉም እያዘገመ ሽቅብ መጣ። ነፋሱ እርጥቡን አየር ወደ ተራራ ሲገፋው አየሩ ከፍ ባለ መጠን ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም ደመና ይሆናል። ይህንን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምረን ፈተናውንም አልፈናል። ነገር ግን ቦታ ስንመርጥ ያሰብነው ስለ ከፍታው ማማር ብቻ ነበር።

ደመናው ሲሳሳ ፀሐይ ደብዝዛ ትታያለች፤ በማጣሪያው በኩል ግን ካሜራው ምንም አይቀበልም። ስለዚህ ማጣሪያው ይነሣ፣ አይነሣ ብለን ተከራከርን። ማጣሪያው ከተነሣ በኋላ ደመናው ድንገት ቢገለጥ የካሜራውን ውስጥ ያቃጥላል፤ በካሜራው ዐይን የሚመለከተውንም ሰው ዐይኑን ያጠፋዋል። ደመና ያደበዘዛት ፀሐይም ቢሆን ለባዶ ዐይን የታመነች አይደለችም። በመጨረሻ ማንም በካሜራው ዐይን እንዳይመለከት፣ ሥዕሉን በኋላ መስተዋቱ ላይ ብቻ እያየን ለአንዳንድ ሰከንድ እንድናነሣው፣ ወዲያውም ማጣሪያውን እንድንመልሰው ተስማማን። በዚህ ዓይነት አንዲት ሥዕል አገኘን፤ በግራጫ ደመና ውስጥ የምትታይ የገረጣች ማጭድ።

ወደ 2 ሰዓት ግድም፣ ቀለበቷ በምትደርስበት ጊዜ፣ ደመናው ጥቅጥቅ አለ። ብርሃኑ ሲመሽ እንደሚሆነው ደበዘዘ፤ ብርድም ተሰማን። በአጠገባችን የነበሩ ወፎች ዝም አሉ። ሰዓታችንን እያየን ቆምን። ደቂቃዋ አለፈች። ማናችንም አልተናገርንም።

እያዘንን ወደ ቤት ስንገባ የአንደኛችን ታናሽ እኅት፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ በር ላይ ተቀበለችን። «ጋሼ፣ ቀለበቷን ያዝኳት!» አለች። ከመውጣታችን በፊት በምስራቅ በኩል ያለውን መስኮት በካርቶን ሸፍነን፣ ካርቶኑን በምስማር ቀድተን፣ ለልጆች ጨዋታ ይሁን ብለን ትተንላቸው ነበር። ክፍሉ ሲጨልም የፀሐይዋ ምስል በዚያች ቀዳዳ ገብቶ ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ ያርፋል። ልጅቷ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፋ የምስሉን ዙሪያ በየጊዜው በእርሳስ ስትከብ፣ ከእያንዳንዱም ሥር ሰዓቱን ስትጽፍ ቆይታለች። በታች በከተማው በኩል ደመናው ተሰንጥቆ ኖሮ ቀለበቷ በግድግዳው ላይ ታየች። እናቷም፣ «ልጆቼ፣ ሰማዩ ለኮረብታ ብቻ ነው እንዴ የተሠራው?» ብለው ሳቁብን።

በዚያ ማታ በስልኮቻችን ከየአገሩ የተነሡ ውብ ሥዕሎች ጎረፉ። ከመካከላችን አንዱ፣ «ከእነዚህ አንዱን ወስደን የእኛ ነው ብንል ማን ያውቃል? 20 ብራቸውን የሰጡት ቀለበት ለማየት ነው» አለ። በዚያች ሌሊት ለጥቂት ጊዜ ሦስታችንም ይህን ሐሳብ ተቀብለን እንደ ነበር አንክድም። ከሐሳቡ የመለሰን የልጅቷ ወረቀት ነው። በአንድ ቦታ ክቡ ሳይዘጋ ቀርቶ፣ ከሥሩ «ደመና ስለ መጣ አላየሁም» ተብሎ ተጽፎበታል። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ያላየችውን አላየሁም ብላ ስትጽፍ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያላነሡትን አነሣን ቢሉ ምን ይባላል? የእኛን የገረጣች ማጭድና የእርሷን ወረቀት አብረን ላክን። የሳቁብን አሉ፤ አንድ ጓደኛችንም ብሩን እንድንመልስለት በቀልድ ጠየቀን። እስከ ዛሬ አልመለስንለትም።

በኋላ ጊዜ ይህንኑ ጉዳይ ስናነብ ደመናው የኛ ብቻ አለመሆኑን ተረዳን። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ግንቦት 29 ቀን 1919፣ የከዋክብት ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ አይንሽታይን ባለው መጠን ይጎብጥ እንደ ሆነ ለመለካት እንግሊዛዊው አርተር ኤዲንግተን በምዕራብ አፍሪካ ወደምትገኘው ፕሪንሲፔ ደሴት ሄዶ ነበር። ጠዋት ዝናብ ጣለ፤ በግርዶሹም ጊዜ ደመናው አልለቀቀም። ካነሣቸው 16 ፎቶግራፎች ለልኬቱ ያገለገሉት ሁለት ብቻ ናቸው። ነገር ግን የዚያ ጉዞ አዘጋጆች ሁሉንም ሰው በአንድ ደሴት ላይ አላስቀመጡም፤ ሌላው ቡድን በብራዚል ሶብራል በምትባል ከተማ ሆኖ ሰባት ጥሩ ሥዕሎች አገኘ። የሁለቱ ቦታ ሥራ ተደምሮ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ለንደን ላይ ሲነገር ዓለም ሰማው። ያልተሳካውንም ሥዕል አልተሳካም ብለው በጽሑፋቸው አስፍረዋል።

እንግዲህ ውድ ጓደኞቻችን፣ ደመናን ማንም አያዝዘውም። ሰው ግን በየቦታው ተከፋፍሎ መቆም፣ ያየውንም ሆነ ያላየውን በሐቅ መጻፍ ይችላል። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚሆነው ግርዶሽ በግብፅ ሉክሶር አጠገብ ከስድስት ደቂቃ በላይ ፀሐይን ፈጽሞ የሚጋርድ ነው፤ በአገራችን በከፊል ይታያል። ወሩ ሐምሌ ስለሆነ ክረምቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስለዚህ የየክፍለ ሀገሩ ልጆች በየአገራቸው ሆነው፣ አንዱ በደጋ፣ አንዱ በቆላ፣ ሰዓቱን እየጻፉ እንዲጠብቁ ከአሁኑ ስም እንድንመዘግብ እንለምናለን። ካሜራ ያለው በካሜራው፣ የሌለውም በካርቶንና በምስማር ይሥራ። እኛም ሦስታችን በዚያ ቀን በአንድ ኮረብታ ላይ አንገኝም።