የሌሊት ጎረቤቶች በናይሮቢ

ለመንግሥት ሥራ ናይሮቢ በሰነበትንበት ጊዜ ማረፊያችን በካሩራ ደን አጠገብ ነበረ። ይህ ከ1000 ሄክታር የሚበልጥ ደን ለሕንፃ እንዳይሰጥ ወይዘሮ ዋንጋሪ ማታይ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. እስኪቈስሉ ድረስ ተከራክረውለታል።

አንድ ምሽት ጉጉት ከጣራው ላይ ብትጮኽ፥ ዘበኛው «ሞት ጠራች» ብሎ ድንጋይ አነሣ። ልንገሥጸው አሰብንና አፈርን፤ በልጅነታችን እኛም ወርውረናልና።

ኦሪት ዘሌዋውያን ጉጉትንና የሌሊት ወፍን ከማይበሉት አዕዋፍ ጋር በአንድነት ይቈጥራቸዋል። በፍጥረታቸው ግን ዘመዳሞች አይደሉም፤ ጉጉት እንቍላል ስትጥል፥ የሌሊት ወፍ ልጅዋን ታጠባለች። የሚያመሳስላቸው በጨለማ በጆሮ ማደናቸው ነው፤ ጉጉት የአይጥን ኮሽታ ታዳምጣለች፥ ትንኝ በሊታዋ የሌሊት ወፍ ደግሞ የገዛ ድምፅዋን ማስተጋባት ትከተላለች። ሁለቱም ያለ በደላቸው የተጠሉ ናቸው። የኪኩዩ ሕዝብ የሾላ ወገን የሆነውን የሙጉሞን ዛፍ እንደ ቅዱስ ያከብራል፤ የሾላን ዘር በየስፍራው የምትበትነውን ፍሬ በሊታዋን የሌሊት ወፍ ግን የሚያመሰግናት የለም።

ይህንን ስንነግረው ዘበኛው ድንጋዩን ጣለና፥ «በአገራችሁስ አትፈሩአትምን?» ሲል ጠየቀን።

«እንፈራት ነበረ» አልነው።