ሁለት ኪሎ ግራሶ

የምኖርባት አድሊስቪል ከዙሪክ በስተ ደቡብ፣ በዚል ወንዝ ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ከመስኮቴ ፊት ለፊት አልቢስ የሚባለው ደን የለበሰ ተራራ ይታያል። ከግርጌው ወደ ፌልዘንኤግ አናት ሰው የሚያወጣው፣ በሽቦ ገመድ የሚጎተተው ካቢን እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ሲመላለስ ኖሯል። ቅዳሜ ጠዋት ሌላው ሰው በእርሱ ወደ ተራራው ሲወጣ፣ እኔ ከአንዲት አሮጌ መኪና ሥር እገባለሁ። መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1996 የተሠራች ሱባሩ ሌጋሲ ናት። ዕድሜው ሃምሳ አምስት የደረሰ ሐኪም ለጋራዥ ከፍሎ ማሠራት ሲችል፣ ጥፍሩ እስኪጠቁር ከዘይት ጋር ስለ ምን እንደሚታገል የሥራ ባልደረቦቼ ይጠይቁኛል። እስከ ዛሬ በቀልድ ሳልፋቸው ኖሬአለሁ። አሁን የምጽፈው በቀልድ ያለፍሁትን ነው።

በዚህ አገር ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና የቅንጦት ዕቃ አይደለችም። ከአድሊስቪል ወደ ስታሊኮን የሚያሻግረውን የቡኸንኤግ ዳገት በረዶ በለበሰበት ማለዳ የወጣ ሰው ይህን ያውቃል። ሱባሩ ወደ ስዊዘርላንድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1979 ሲሆን፣ በ1972 በሳፖሮ ኦሎምፒክ በቁልቁለት ስኪ ወርቅ ያገኘው ቤርንሃርድ ሩሲ ማስታወቂያውን ይሠራለት ነበር። የተራራው ገበሬም መኪናዋን ወደዳት። በማግሥቱ ዓመት አውዲ ኳትሮ የተባለችውን መኪናውን በጄኔቫው የመኪና ትርዒት ላይ አቀረበ። እስከዚያ ድረስ የወታደርና የጭቃ መኪና ብቻ ይመስል የነበረው አሠራርም ወደ ከተማ አስፋልት ገባ። ያ ዝነኛ ትርዒት ራሱ ከ2024 በኋላ በጄኔቫ መካሄዱ ቀርቷል፤ በዚያ ዘመን የተሠሩት መኪኖች ግን ባለቤት ካላቸው ዛሬም ይሄዳሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መኪና ሲታጠፍ አራቱ ጎማዎች እኩል መንገድ አይሄዱም፤ የውጭኛው ከውስጠኛው፣ የፊተኛው ከኋለኛው ይበልጥ ይሄዳል። ስለዚህ በፊትና በኋላ መካከል ይህን ልዩነት የሚያቻችል ሦስተኛ ዲፈረንሻል ያስፈልጋል። በእኔ መኪና ይህን ዲፈረንሻል የሚቆጣጠረው፣ ቀጫጭን የብረት ዝርግ የተደረደረበትና ወፍራም የሲሊኮን ዘይት የሞላበት ድፍን ዕቃ ነው። አንዱ ወገን መሬት ከድቶት ብቻውን ሲሽከረከር ዘይቱ ይሞቃል፣ ዝርጎቹን ያያይዛል፤ ኃይሉም መሬት ወደ ያዘው ወገን ይሻገራል።

ይህን የማያውቅ ሰው አንድ ጎማ ሲቀደድበት አንዱን ብቻ በአዲስ ይተካል። አዲሱ ጎማ ካረጁት ሦስቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሚበልጥ፣ ያ ዕቃ በደረቅ አስፋልት ላይ እንኳ ያለ ዕረፍት ሲሠራ ይውላል፤ ውሎ አድሮም ይቃጠላል። ስለዚህ አራቱም ጎማ አንድ ዓይነትና እኩል ያለቀ መሆን አለበት። በሴሚያሱ ጫፍ ላይ ያለው፣ አኮርዲዮን የመሰለው የላስቲክ ሽፋን ሲሰነጠቅም እንዲሁ ነው። በጊዜው ከተያዘ የጥቂት ፍራንክ ሥራ ነው። ከተረሳ ግራሶው ይወጣል፣ አሸዋ ይገባል፣ መኪናዋ ስትታጠፍ ቋ ቋ ማለት ትጀምራለች። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር መግባት ክልክል ነው፤ የብረት መደገፊያ ያስፈልጋል። ከሁሉም የጠቀመኝ ሕግ ግን ይህ ነው፦ የኋላውን ዲፈረንሻል ዘይት ስትቀይር፣ የላይኛውን የመሙያ ቡሎን ሳትፈታ የታችኛውን ማፍሰሻ አትንካ። መሙያው ዝጎ እንቢ ቢል፣ ዘይቷን ያፈሰስህባት መኪና ከቆመችበት አትንቀሳቀስም። ደም ሳያዘጋጅ ሆድ የሚከፍት ቀዶ ሐኪም የለም።

ይህን ሁሉ ያስተማረኝ አንድ ሽማግሌ ጣሊያናዊ ጎረቤቴ ነው። የኪራይ ውሌ በመኪና ማቆሚያው ውስጥ ጥገና ይከለክላል፤ እርሱ ግን ከወንዙ አጠገብ ከደጁ ጋር የተያያዘች አሮጌ መሥሪያ ቤት አለችው። በ1960ዎቹ ለሥራ የመጣ መካኒክ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 7 ቀን 1970 የስዊዝ ወንዶች የባዕዳንን ቁጥር ለመቀነስ በቀረበው የሽቫርተንባኽ ሐሳብ ላይ ድምፅ ሲሰጡ፣ ሻንጣውን አዘጋጅቶ ሬድዮ ሲያዳምጥ እንደዋለ አጫውቶኛል። ሐሳቡ ወደቀ፤ እርሱም ቀረ። መጀመሪያ በተዋወቅን ሰሞን ጀርመንኛው ጠፍቶብኝ በአማርኛ "ካቻቢቴ" ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ካቻቢቴውን አቀበለኝ። ሁለታችንም ቆም አልን። ከዚያ መቁጠር ጀመርን፦ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሬቻ፣ ግራሶ። እየሳቀ ይህን ሁሉ ጣሊያንኛ ከየት እንዳገኘሁት ጠየቀኝ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሬን የያዙት ወገኖቹ፣ ከእነርሱም በኋላ በየጋራዡ የቀሩት መካኒኮች ትተውት የሄዱት መሆኑን ነገርሁት። ሳቁን አቆመ። እጁን በጨርቅ ጠረገና ምንም ሳይናገር ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሥራ ቋንቋችን ይኸው ነው።

እነዚያን ቃላት በልጅነቴ ሰምቻቸው እንጂ ተናግሬአቸው አላውቅም ነበር። ባደግሁበት አካባቢ ብረት የሚነካ እጅ አይከበርም። ከዚሁ ከዙሪክ ፖሊቴክኒክ የወጣው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ እ.ኤ.አ. በ1879 ምኒልክ ዘንድ ሲደርስ፣ እንደሚነገረው፣ የተሰጠው ፈተና ጫማ መስፋት፣ ቀጥሎም ጠመንጃ መሥራት ነበር። ምኒልክ በኋላ ዘመናቸው ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ኢልግም ወደ አገሩ ተመልሶ በ1916 ዙሪክ ውስጥ ዐረፈ። አዋጁ ግን እኔ ዘንድ አልደረሰም ነበር። በ1988 በነፃ የትምህርት ዕድል ወደ ሌኒንግራድ ሄድሁ። በ1995 ሐኪም ሆኜ ስመለስ ያቺ ከተማ ሴንት ፒተርስበርግ ተብላለች፤ አገሬም መንግሥቷን ለውጣለች። እኔ ግን ስለ እጅ ሥራ የነበረኝን ንቀት ሳልለውጥ ነበር የተመለስሁት።

በ1989 ዓ.ም. በደቡብ ጎንደር የአንድ ጤና ጣቢያ ኃላፊ ነበርሁ። አንድ ቶዮታ ላንድክሩዘር ነበረን። ሾፌሩ ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው ሰው ነበር። በግንቦት ወር ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቢሮዬ ገባ።

"ዶክተር፣ የፊተኛው ሃብ ዓመት ሙሉ አልተነካም። ክረምት ሳይገባ ፈትቼ ልጠበው። ሁለት ኪሎ ግራሶና ሁለት ቀን ይስጡኝ።"

"መኪናው ደኅና እየሄደ አይደለም እንዴ?"

"መሄዱንማ ይሄዳል፤ በደረቅ ነዋ።"

"ለመድኃኒት ያልበቃ ብር ለግራሶ አላወጣም ጋሼ" አልሁት። እጅ ነሥቶ ወጣ። በሰኔ መጀመሪያ ተመልሶ ጠየቀኝ፤ ያን ጊዜ ከወረቀቴ ላይ ቀና እንኳ አላልሁም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ነሐሴ ሲገባ በፎገራ ሜዳ ዳር ካለ መንደር፣ ሁለት ቀን ያማጠች ሴት በአልጋ ላይ ናት ብለው በሌሊት ጠሩን። ደርሼ ስመረምራት ሕፃኑ ተገትቷል፤ የልብ ምቱም አይሰማም። ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል መድረስ ነበረባት። ቻይናዎች የሠሩት የወረታ–ወልድያ ጠጠር መንገድ ላይ ከወጣን እንደርስ ነበር። እዚያ ለመውጣት ግን አንድ ዝቅተኛ ቦታ ማቋረጥ ያስፈልጋል፤ ቦታው ዋልካ ነው፣ ሲያመሽም ዘንቦበታል።

መኪናው መሐል ላይ ቆመ። የኋላ ጎማዎቹ ጭቃውን እየቆፈሩ ወረዱ። ጋሼ ወርዶ ከጉልበቱ በላይ በጭቃ ውስጥ ቆመና የፊት ጎማዎቹን ሃብ ለመቆለፍ ያዘ። የግራው ዞረ። የቀኙ እንቢ አለ። በፒንሳ ያዘው፣ በድንጋይ መታው፣ ፋኖስ አቅርበን አየነው፤ ከቦታው አልነቃነቅ አለ። ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር እንጂ፣ የፊተኛው ዲፈረንሻል ኃይሉን ሁልጊዜ በቀለለው በኩል ይሰዳል። አንደኛው ጎማ ካልተቆለፈ ኃይሉ በዚያ በኩል በከንቱ ይሽከረከራል፤ የተቆለፈውም ጎማ ቆሞ ይቀራል። የአንዱ መጥፋት የሁለቱም መጥፋት ነው።

ከመንደሩ ሰዎች ተጠርተው ቃሬዛ ይዘው እስኪደርሱ ድረስ ሦስት ሰዓት ሄደ። በመጀመሪያ እጄን ሆዷ ላይ አድርጌ ምጡን እከታተል ነበር፤ በኋላ ምጡ በድንገት ቆመ። ማሕፀኗ እንደ ተቀደደ ዐወቅሁ። ከዚያ በኋላ እጄ የነበረው በእጇ አንጓ ላይ ነው፤ ሲሳሳ፣ ሲሳሳ፣ ሊነጋጋ ሲል ጠፋ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ የሳብሁት እኔ ነኝ። ባሏ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። "ደከሙ ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ" አለኝ።

በሳምንቱ ለወረዳው በጻፍሁት ሪፖርት ላይ እንዲህ የሚል ዐረፍተ ነገር አለ፦ ተሽከርካሪው በሾፌሩ የጥገና ቸልተኝነት ምክንያት ከአገልግሎት ውጭ ሆኗል። ጋሼ የአንድ ወር ደመወዝ ተቀጣና ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ሁለት ጊዜ ግራሶ መጠየቁን ለማንም አልተናገረም። ሲሰናበተኝ እንደ ወትሮው ባርኔጣውን አወለቀ።

ሪፖርቱን ስጽፍ ዋሽቻለሁ ብዬ አላሰብሁም፤ ይህን ልናገር ይገባኛል። መኪና የሾፌር ጉዳይ ነው ብዬ ከልቤ አምን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ጄኔቫ ስደርስ፣ ነጫጭ ላንድክሩዘሮችን ወደ እኛ አገር የሚልኩት ድርጅቶች ዋና መሥሪያ ቤቶች በሐይቁ አቅራቢያ ባሉ ሰፈሮች ቆመው አየሁ፤ ያን ጊዜም የታሰበኝ የመኪናው ብዛት እንጂ ግራሶው አልነበረም።

የታሰበኝ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ እዚሁ አድሊስቪል ነው። ጎረቤቴ የአንድ ገበሬ አሮጌ ላንድክሩዘር ለጥገና ተቀብሎ፣ የፊተኛውን ሃብ ስድስት ቡሎን እንድፈታ ሰጠኝ። ክዳኑ ሲነሣ በውስጡ ያለው ግራሶ እንደ አሮጌ ሳሙና ደርቆ፣ ዝገት ተቀላቅሎበት፣ ተንሸራትቶ መቆለፍ የሚገባውን ቀለበት ጨምድዶ ይዞት ነበር። ሽማግሌው በጣቱ ነካ አድርጎ አሸተተው። "ማንም አልነካውም" አለ። "ይህ የሚበላሸው በመሥራት አይደለም፣ በመቀመጥ ነው። በወር አንድ ጊዜ ቆልፈህ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብትነዳው፣ በዓመት አንድ ጊዜ ፈትተህ ብታጥበው ዕድሜ ልኩን ያገለግልሃል።" ቀለበቱን በነጭ ጋዝ አጠብን፣ አዲስ ግራሶ ቀባን፣ መልሰን ገጠምን። መቆለፊያውን በሁለት ጣቴ አዞርሁት፤ ቀጭ ብሎ ገባ። ሥራው ለሁለቱም ጎማ አንድ ጠዋት ፈጀ። ጋሼ የጠየቀኝ ሁለት ቀን ነበር፤ ምናልባት ኩሽኔታውንም ሊያይልኝ አስቦ ይሆናል።

ያን ቀን ወደ ቤቴ ስገባ እጄን አልታጠብሁም። ለረጅም ሰዓት እንደ ተቀመጥሁ ቀረሁ። እንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከመኪና ሥር የምገባው ስለዚህ ነው። ንስሐ ነው አልልም፤ ንስሐ የሚቀበል ካህን አለው። አንድ ሰው ሳይሰበር ልጠግን ብሎ ሲጠይቅ ምን እያለ እንደሆነ፣ በገዛ እጄ እየደጋገምሁ ለመስማት ነው።

ጋሼ ከዚህ ዓለም በሞት እንደ ተለየ የሰማሁት በ2004 ዓ.ም. ነው። ይቅርታ የምጠይቅበት ጊዜ ነበረኝ፤ ከሃብዋ ጠዋት እስከ ሞቱ ሦስት ዓመት አልፏል። ደብዳቤውን ጀምሬ ትቼዋለሁ፣ ደግሜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ልጆች አሉት። ሪፖርቱም እስካሁን ካልተቃጠለ በአንድ መዝገብ ቤት ውስጥ ከነፊርማዬ ተቀምጧል። ስለዚህ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የተሰጠኝን ገጽ ለእርማት ልጠቀምበት፦

በነሐሴ 1989 ዓ.ም. የጤና ጣቢያችን ተሽከርካሪ በዋልካ ውስጥ ቆሞ የቀረው የቀኝ የፊት ጎማው ሃብ ግራሶው ደርቆ ስለ ተጣበቀ ነው። ሾፌሩ ይህ እንዳይሆን ከሦስት ወር በፊት በቃል አመልክቶ፣ በሰኔም ደግሞ አስታውሶ ነበር። የጠየቀው ሁለት ኪሎ ግራሶና ሁለት ቀን ነው። የከለከልሁት እኔ ነኝ።