ዶሮና በርበሬ

ፓች ክላምፕ የሚባል መሣሪያ አለ። ስሙን ሰምታችሁት ካላወቃችሁ አይግረማችሁ፤ እኔም ጋዜጠኝነት ነው ያጠናሁት፣ የነገረኝ ባዮሎጂ የተመረቀው ወንድሜ ነው። ኤርዊን ኔር እና በርት ዛክማን የሚባሉ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1976 ይዘውት ብቅ አሉ፤ በ1991 ኖቤል ተሸለሙበት።

ሥራው እንዲህ ነው። የህዋስ ሽፋን ላይ የአዮን ቻናል የሚባሉ ጠባብ በሮች አሉ፤ ኤሌክትሪክ የተሸከሙ እንደ ሶዲየምና ካልሲየም ያሉ ቅንጣቶች በነሱ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ጫፉ የሚሊሜትር አንድ ሺኛ የሚያህል የመስታወት ቱቦ በማይክሮስኮፕ እያዩ ህዋሱ ላይ ያሳርፋሉ። ከዚያ ቀስ ብሎ መሳብ ነው። ብዙዎቹ ተመራማሪዎች የሚስቡት ምን በሚባል ማሽን መሰላችሁ? በአፋቸው! በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ። ሽፋኑ መስታወቱ ላይ ጥብቅ ሲል በአንዲት በር የሚያልፈው ከረንት ይለካል፤ በፒኮአምፒር። አንድ ፒኮአምፒር በሰከንድ 6 ሚሊዮን ገደማ አዮን ነው፤ ብዙ ይመስላል እንጂ ከሹክሹክታም ያነሰ ነው።

ሹክሹክታውን ለመስማት ደግሞ ዓለም ዝም ማለት አለባት። መንገድ ላይ አይሱዙ ሲያልፍ እንዳይነቃነቅ ጠረጴዛው አየር ላይ ይንሳፈፋል። የግድግዳው መብራት ባለ 50 ኸርዝ ጫጫታውን እንዳያስገባ ዙሪያው በሽቦ ወንፊት ይታጠራል። "መብራት ሲጠፋ ጫጫታውም ይጠፋል" ብሎ ቀለደ ወንድሜ። "ማጉያውም አብሮ ይጠፋል እንጂ!"

ይሄ ሁሉ አዘና ላለነው ምናችን ነው? በርበሬያችን ነዋ። በ1997 ካሊፎርኒያ ውስጥ እነ ዴቪድ ጁሊየስ የበርበሬን ማቃጠል የምትቀበለዋን በር አገኙ፤ ከረንቷንም በዚሁ ዘዴ ለኩ። ይቺው በር በ43 ዲግሪ ገደማ ሙቀትም ትከፈታለች። ለካ "አቃጠለኝ" የምንለው የምር ነው፤ ነርቫችን እሳቱንና በርበሬውን በአንድ በር ነው የሚያስገባው። በ2002 ደግሞ የዶሮን በር መረመሩ። ለሙቀት ትከፈታለች፤ ለበርበሬ ግን ንቅንቅ አትልም። ሰውዬው በ2021 ኖቤሉን ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር ተካፈለ።

እዚህ ላይ ነው የተናደድኩት። ሰሌን ላይ በርበሬ አስጥቶ ዘወር ያለ የአገራችን ሰው ሁሉ ይህን አይቷል። እኛ ስንቀነጥስ እጃችን ይነዳል፣ ያስነጥሰናል፤ ዶሮዋ ፍሬውን ለቅማ ለቅማ ውሃ እንኳን ሳትጎነጭ ትሄዳለች። እናቴ "ዶሮ ምን ምላስ አላት" ትላለች፤ ምርመራው በዚሁ ይዘጋል። (ምላስስ አላት።) ጥያቄው ግቢያችን ውስጥ ነበር፤ መስሚያው ነው ያልነበረን።

ወንድሜ ፓች ክላምፕን የሚያውቀው በአንድ ስዕል ነው። ለፈተና ሸመደደው፣ ኤ አገኘበት፣ መሣሪያውን ግን በዓይኑ አላየም። ከመስከረም ጀምሮ ደግሞ ስለ ነርቭ የሚያስተምረው እሱ ነው። "ያንኑ ስዕል ሰሌዳ ላይ ልትገለብጥ ነው?" አልኩት፤ ነገር ፍለጋዬ መሆኑ ነው።

"እሱንም እስላለሁ" አለኝ። "መጀመሪያ ግን በቆሎ በሚጥሚጣ አሽቼ ዶሮ ይዤ እገባለሁ። ከረንቱን ማሳየት አልችልም። ዶሮዋ ስትበላ ግን ያያሉ፤ ከዚያ ለምን ብለው ይጠይቁኝ።"

እናቴ እንቁላል የምትጥለዋን አትነኳትም ብላለች። አውራ ዶሮ እያፈላለግን ነው።