ቁልፍ ሲረሳ

«ቁልፍ» የሚለው ስም የመጣው «ቆለፈ» ከሚለው ግስ ነው፤ የሚከፍትልንን ዕቃ የምንጠራው በመዝጋቱ ነው። በርባንክ የሚኖር አንድ ሹፌር ይህ የገባው መኪናውን ከጋራዥ ባወጣ ማግስት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ «ትንሿ ኢትዮጵያ» በሚባለው የፌርፋክስ ጎዳና ምሳውን በልቶ ሲወጣ፣ ሪሞቱን ቢጫን ቢጫን በሩ አልከፈት አለ። ጥገናውን የሠራለት የአገሩ ልጅ ነው። «አበላሸብኝ» ብሎ ሊደውልለት ስልኩን አነሳ።

ከሪሞቱ ሆድ የተሸሸገውን የብረት ቁልፍ አውጥቶ በሩን ከፈተ። ሞተሩ ግን አልነሳም። ሪሞቱን ከማስነሻው ጋር ሲያስጠጋው ተነሳ። በሩን የሚከፍተው ሬዲዮ ባትሪ ይፈልጋል፤ መኪናው የሚያውቀው ቺፕ ግን ያለ ባትሪም ከቅርብ ይነበባል። የሞተችው የሪሞቱ ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ነበረች። እንዲያም አልነሳ ቢል ኖሮ፣ ያን ጊዜ ቁልፉ እንደገና ይመዝገብልኝ ብሎ መካኒኩን መጠየቅ ይገባ ነበር።

ከጥገና በኋላ የመጣ ሁሉ ከጥገናው የመጣ አይደለም። በስደት አገር ባትሪ በጥቂት ዶላር ይተካል፤ በችኮላ የተዘጋ ወዳጅነት ግን መክፈቻው አይገኝም።