ጣት ያልረሳው ፊደል

አማርኛን በላቲን ፊደል ስንልክ የኖርን ሰዎች ነን። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ተዘግቶ የከረመው አጭር መልእክት በሚሊኒየሙ ሰሞን ሲለቀቅ፣ ለጠም ለተም አንድ ‹ቲ› ይበቃን ነበር። ‹ጠላ ጠጣሁ› ብሎ የላከ ወዳጅ ‹ተላ ተታሁ› ተብሎ ይነበብና ይሳቅበታል። ዩኒኮድ ፊደላችንን በ1999 እ.ኤ.አ. ቢመዘግበውም እኛ ኪስ እስኪገባ ዓመታት ፈጀ። ሲገባም ነጣጥሎ ነው የሰጠን፦ መጀመሪያ ለን ንካ፣ ከዚያ ከቤተሰቧ መካከል የምትፈልጋትን ፈልግ።

ባለፈው ክረምት የስልኬን ኪቦርድ ስጎረጉር ‹የእጅ ጽሑፍ› የሚል ምርጫ አገኘሁ። ባዶ ሰሌዳ ተዘረጋልኝ። በጣቴ ሉን ጫርኩ፤ ሉ ሆና ወጣች።

ወሎ ቦረና ውስጥ ፊደል የለየነው እንዲህ ነበር። መካነ ሰላም ዳር፣ ከብት ስንጠብቅ፣ አፈሩን በመዳፍ ደልድለን በጣት እንጽፋለን። ካዕብ ጎኗ ላይ ጭረት፣ ሣልስ እግሯ ላይ፣ ኃምስ እግሯ ላይ ቀለበት። ቁርኣን የሚቀሩት የሰፈራችን ደረሶች ግን ሉህ፣ የእንጨት ሰሌዳ፣ ነበራቸው። ከጥቀርሻ በተበጠበጠ ቀለም፣ በመቃ ይጽፋሉ፤ የያዙትን ሲጨርሱ አጥበው ሌላ ይጽፉበታል። እንቀናባቸው ነበር። የኛን ጽሑፍ የሚያጠፋው ያገኘው ጥጃ ነው።

እናቴ ፊደል የያዘችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ያ ዩኔስኮ የሸለመው ዘመቻ። እኔ ደሴ ስማር ደብዳቤዋ በአቀስታ በኩል በሚመጣው አውቶቡስ፣ በሰው እጅ ይደርሰኝ ነበር። ከፍቼ ማንበብ አያስፈልገኝም፤ ፖስታው ላይ ስሜን ሳይ ማን እንደጻፈው አውቃለሁ። የእናቴ መ ሁለት ዓይኖቿ እኩል አይደሉም፣ የግራው ይፈጣል። ስትቸኩል ደግሞ መስመሩን ትታ ቁልቁል ትወርዳለች። ከሰላምታው ርዝመት በላይ ያ የፈጠጠ ዓይን ነበር ደህንነቷን የሚነግረኝ።

በጣት ወይም በብዕር ስክሪን ላይ መጻፍ አዲስ ነገር አይደለም። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው የፓልም ኩባንያ የኪስ ኮምፒውተር፣ ፓይለት፣ ግራፊቲ የሚባል አጻጻፍ ነበረው፤ ግን ሰውየው ነው ለማሽኑ ሲል የላቲን ፊደሉን አሳጥሮ እንደ አዲስ የሚማረው። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። የጉግል መሐንዲሶች በ2019 እ.ኤ.አ. እንዳብራሩት፣ ጂቦርድ የተባለው ኪቦርዳቸው ጣት የሄደበትን መንገድ ቤዚየ ወደሚባሉ ኩርባዎች ለውጦ፣ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደታጠፈ ተከትሎ ነው ፊደሉን የሚገምተው። የሚማረው ማሽኑ ሆኗል። ደስ ይላል፤ የኔን የተንጋደደ ሐመሩ ሐ እንኳ አይስትም።

አንድ ቅር የሚለኝ ነገር ግን አለ። ጣቴን እንዳነሳሁ ጽሑፌ ይጠፋና በቦታው የማተሚያ ቤት ፊደል ይቀመጣል። የኔም፣ የጎረቤቴም፣ የባንኩ መልእክትም አንድ መልክ። እጄን መለሰልኝ እንጂ የእጅ ጽሑፌን አልመለሰልኝም።

ለጥምቀት አገር ቤት ስገባ ለእናቴ አሳየኋት። በእርሻና በእንሥራ የሻከረ ጣቷን ስክሪኑ እየዘለለው ትንሽ አስቸገረ። መን ጻፈች፤ የግራው ዓይን ዛሬም ይፈጣል። ማሽኑ ያለ ምንም ማመንታት ለየው። ለእህቴ ‹ሰላም ነሽ› ብላ በራሷ ጣት ጨረሰችና እኔ ልልከው ስል ስልኩን ነጥቃኝ የድምፅ ምልክቱን ተጫነች፦

«አብሽሪ ልጄ፣ ሁላችንም ደህና ነን። ወንድምሽ ጽሕፈት እያስተማረኝ ነው፤ እስኪጨርስ ብለን እንጂ ይሄኛው ይሻላል!»